ወላሂ የሌለበት ቃል

እኔና ሪድዋን ጫት ያቆምነው በአንድ ቀን ነው። ቢያንስ አሥራ አራት ወር ሙሉ እንደዚያ አምኜ ኖሬያለሁ። ያመንኩት እንደ ሞኝ አልነበረም፣ እንደ ወንድም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በሁለቱ መካከል ብዙም ልዩነት የለም።

ራጉኤል እባላለሁ። አያቴ ወታደር ሆነው ጅግጅጋ ገቡ፣ አባቴ እዚሁ ተወለዱ፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ጠጉሬ ሸበተ። የሪድዋን አባት ከወሎ የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም ሱቃቸውን ተረክቦ የሶማሌ ሴቶች ለሠርግ የሚለብሱትን የድሪዕ ጨርቅ ይሸጣል። አንድ ወንበር ላይ ተማርን፣ ከአንድ ክፍል ፎረፍን፣ ጫትም አብረን ጀመርን። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ከሱቁ ጀርባ ባለችው መጋዘን የጨርቅ ጥቅል ተደግፈን ቃምን። በምርቃና ያልሠራነው ነገር የለም። ሆቴል ከፍተናል፣ የሳሙና ፋብሪካ ተክለናል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ከጅግጅጋ እስከ አይሻ ሐዲድ ዘርግተን ጣቢያዎቹን ተከፋፍለናል። ሲመሽ ምርቃናው ይበርድና ሁሉም ይፈርሳል፤ እኔም ወደ ቤቴ ገብቼ ማንንም ሳላናግር እተኛለሁ።

ባለቤቴ አትጠገብ አስተማሪ ናት። ታግሣ ታግሣ፣ የሚሌኒየሙ በዓል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ልብስ እያጠፈች እንዲህ አለችኝ፦ «አዲሱን ዓመት ከማን ጋር እንደምትቀበል ምረጥ። ከእኔና ከልጅህ ወይስ ከገራባህ።» ገራባ ያለችው ከተቃመ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረውን እንጨትና ቅጠል ነው። ብትጮህ ኖሮ እከራከራት ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለተናገረች ፈራሁ።

መስከረም አንድ ቀን 2000 ዓ.ም. ማለዳ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሪድዋን ሱቅ ሄድኩና ነገርኩት።

«እኔም አቆማለሁ» አለ፣ ሳያመነታ።

«በል ወላሂ በል።»

«ወላሂን አላስገባም» አለኝ። «ነጋዴ ነኝ ራጉ፣ ወላሂ አፌ ላይ ተራ ሆኗል። ላንተ ቃሌ ይበቃል።»

በእኛ ከተማ ወላሂ ያልተባለበት ነገር ገና እንዳላለቀ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የጨርቅ ዋጋ ሲነገርህ ወላሂ ከሌለበት ትከራከራለህ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ ይህን የማላውቅ አልነበርኩም። ግን የሪድዋን መልስ እጅግ የከበረ መሰለኝ፤ ለኔ ሲል ከመሐላም የሚበልጥ ቃል የሰጠኝ መሰለኝ። አቅፌው ሄድኩ።

ረመዳንም በዚያው ሰሞን ስለገባ በቀን ጫት የሚያነሣ ሰው ጠፋና ጅማሬው ቀለለኝ። ከዚያ ዱካኩ መጣ። ጫት የተወ ሰው ሌሊት ዱካክ እንደሚጫወትበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላውን ጅብ ያባርረዋል፣ እኔን ያባረረኝ ፋይል ነው። በየሌሊቱ መዝገብ ክፍል ገብቼ ስሜ ያለበትን ፋይል እፈልጋለሁ፤ መደርደሪያው አያልቅም፣ ፋይሉም አይገኝም፤ ልጮህ ስል ድምፅ የለኝም። አትጠገብ ትቀሰቅሰኝና በእርጥብ ፎጣ ፊቴን ትጠርግልኛለች። በእነዚያ ሳምንታት እንደወደደችኝ ከዚያ በፊትም ወዳኝ የምታውቅ አይመስለኝም። በሁለት ወሩ ዱካኩ ለቀቀኝ፤ ያለፈልኝ መሰለኝ።

ከዚያ የመጣውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። መጣ ከምል ሁሉም ነገር ሄደ ብል ይሻላል። ደስታ የለም፣ ጉጉት የለም። ስበላ እጠግባለሁ፣ ጣዕሙን ግን አላገኘውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰውነቴ ሰዓቱን አውቆ ይነቃል፣ የሚጠብቀውን ሲያጣ እንደገና ይወድቃል። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፤ ከተቆጣሁ በኋላ ደግሞ ለምን እንደተቆጣሁ ይጠፋኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሃኒ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ካርዷን ይዛ እየሮጠች መጣች። አየሁት። ውስጤን ፈተሽኩት፣ ምንም የለም። «ጥሩ ነው» አልኳትና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ካርዱን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወስዳ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ካርድ አሳይታኝ አታውቅም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ፊርደውስ የምትባል ነርስ አዳመጠችኝና «አሥራ ስምንት ዓመት ጭንቅላትህ ደስታን የሚያገኘው ጫቱ እየሠራለት ነው» አለችኝ። «አሁን ራስህ ሥራ ስትለው እንዴት እንደነበር ረስቶታል። ይመለሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ የሚመለስልህ ስሜት የትኛው እንደሆነም አይታወቅም።»

«ጓደኛዬ ከእኔ ጋር ነው ያቆመው» አልኳት። «እሱ በወሩ ደህና ሆነ።»

ትንሽ አሰበችና «ሰውና ሰው ይለያያል» አለች።

ያ ቃል ገደለኝ። ምክንያቱም ሪድዋን በእርግጥም ደህና ነበር። የመቃሚያ ሰዓቱን ለማሳለፍ ብለን በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገናኝተን በካራማራ መንገድ በእግራችን እንሄድ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። እሱ ያወራል፣ እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ አዳምጣለሁ። ይስቃል፤ መንገደኛውን ሁሉ ያስቃል። ሱቁን ሊያሰፋ ነው፣ ሐርጌሳ ሄዶ ዕቃ ሊያመጣ ነው፣ ልጆቹን ሊያስተምር ነው። አፉ ውስጥ ሁልጊዜ ቅርንፉድ አለ። «አፌ ሥራ እንዳይፈታ ነው፣ አንተም ሞክረው» ይለኛል። እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ ቅርንፉድ እየገዛሁ ምላሴን አቃጠልኩ።

አሥራ ስምንት ዓመት የቃምክ ሰውዬ የሰው ምርቃና እንዴት ጠፋህ የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ግን እኔ ምርቃናን የማውቀው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ የታየኝ የዳነ ሰው ነው። በየቀኑ ከዳነው ሰው ጎን እየተራመድኩ እኔ ለምን አልድንም እላለሁ። ጭንቅላቴ ለዘለዓለም ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ይህን ለሪድዋን ስነግረው ትከሻዬን እየመታ «አይዞህ፣ ጊዜ ስጠው» ይለኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አትጠገብም እንደ እኔው ታወዳድር ነበር። «እሱስ ያቆመው ካንተ ጋር አይደለም? እንዴት ይስቃል?» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰውና ሰው ይለያያል» አልኳት። ከዚያ መጠየቁን ተወች፣ ቆይታም ማናገሩን ተወች። ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን፣ ሸደር ላይ አዲስ በተከፈተው የስደተኞች መጠለያ የማስተማር ሥራ እንዳገኘች ነገረችኝና የሃኒን ልብስ በሻንጣ ከተተች። ልከለክላት አቅም አልነበረኝም። በር ላይ ሆና እንዲህ አለችኝ፦ «ስለቱን የተሳልከው ለሚካኤል ነው፣ ከእሱ ጋር ተነጋገር። ለእኔ ግን ሁለተኛ አልቃምኩም አትበለኝ።»

«አልቃምኩም እኮ» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ስለ ጠባዬ የተናገረች መሰለኝ፤ ቃምክ አልቃምክ ያው ነህ ያለችኝ መሰለኝ። ሁለት ወር ባዶ ቤት ውስጥ ይህን ሳመነዥክ ቆየሁና በኅዳር አንድ ዓርብ ከሰዓት ተሸነፍኩ። ልጄ የለችም፣ ሚስቴ የለችም፣ ጭንቅላቴም አይመለስም። ለማን ብዬ ነው? ተነሥቼ ወደ ጫት ተራ ሄድኩ።

ኻድራ የድሮ ደንበኛዬ ናት። እንደ ድሮዋ ከጃንጥላዋ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጫት ሻጭ የቋሚ ደንበኞቿን እሥር አስቀድማ ለይታ በእርጥብ ጆንያ ትሸፍናለች፤ እንዳይምታታባትም በየደንበኛው ምልክት ታስራለች። የእኔ ሰማያዊ ክር ነበር። የሪድዋን ደግሞ እሱ ራሱ ከሱቁ የሚያመጣላት የድሪዕ ጨርቅ ጠርዝ፣ ወርቃማ ዘሐ ያለው። ጆንያውን ስትገልጠው ከላይ የተቀመጠው ወፍራም እሥር በወርቃማ ጠርዝ ታስሯል፤ ጠርዙ አዲስ ነው።

«ይህ የማን ነው?» አልኳት፣ የማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«የናንተ ነዋ!» አለች ኻድራ ተገርማ። «የሪድዋንና ያንተ። አንተ ከቀረህ ጀምሮ እሱ አይደል የሚወስድልህ? ሁለት እሥር ባንድ ላይ።»

«በየቀኑ?»

«መጀመሪያ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አባቱ የሞቱ ቀን ብቻ ቀርቷል፣ አላህ ይማራቸው። እኔም ራጉኤል የት ሄደ ስለው፣ ቤተ ክርስቲያን ምሎ አፍሮ ነው፣ የእሱንም ለእኔ ስጪኝ አለኝ። ሰው ያፍራል፣ እኔ ምን አገባኝ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ሚስትህ መጥታ ስትጠይቀኝም ይህንኑ ነው የነገርኳት። አትቆጣኝ ወላሎ፣ ወንድሜ ነህ፣ ግን ልጅ የያዘችን ሴት አልዋሽም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለእኔ ነው። ሪድዋን ብቻውን ሁለት እሥር እየቃመ ጀዝባ እንዳይባል አንዱን እሥር በእኔ ስም አስመዝግቦታል። እኔ ግድግዳ እያየሁ ስቃትት ከተማው ሁሉ ተደብቆ የሚቅም ውሸታም አድርጎ ያውቀኛል። ሚስቴም።

«ወደ ሱቁ እየሄድክ ከሆነ ይዘህለት ሂድ» ብላ ኻድራ እሥሩን በእጄ አስጨበጠችኝ። ያዝኩት። እርጥበቱ ጣቴን ነካኝ፣ ሽታው ወጣ፣ ምራቄ መጣ። አሥራ አራት ወር ረስቼዋለሁ ያልኩት አካል ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ከጫት ተራ እስከ ሪድዋን ሱቅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም። አንድ ቀንበጥ ባነሣ ማን ያውቃል? ደግሞስ ሁሉም እንደቃምኩ ያውቅ የለም እንዴ? ያላነሣሁት በጽናት አይደለም። የሪድዋንን ውሸት እውነት ላደርግለት ስላልፈለግኩ ነው።

ሪድዋን መጋዘኑ ውስጥ የድሮ ቦታችን ላይ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ጥቅል አሁንም ከጎኑ አለ። እሥሩን ፊቱ አስቀመጥኩት። ወርቃማውን ጠርዝ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ቅርንፉድ ማኘኩን አቆመ።

«ከሦስት ቀን በላይ አልቻልኩም» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ በአራተኛው ቀን አንተም ትመለስ ነበር። ራጉ፣ እስኪ በእውነት ፍረድ፤ እኔ ባልኖር አንድ ወር ትቆይ ነበር? በየቀኑ ይዤህ የምዞረው ለማን ብዬ ነው?»

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ እውነት አለው። እስከ ዛሬም ይህን እውነቱን ይቅር አላልኩትም።

«ስሜንስ? ስሜን ለኻድራ የሰጠኸው ለማን ብለህ ነው?»

የወርቃማውን ጠርዝ ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ።

«አትጠገብ መጥታ ጠይቃህ ነበር?»

«መጥታለች» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «እውነት ይቅማል ወይ አለችኝ። በጓደኛዬ ላይ አልመሰክርም አልኳት።»

እንዴት ያለ ጨዋ መልስ ነው! ለሚስቴ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይምጣላት? ያን ጊዜ አንድ ትኩስ ነገር ከውስጤ ሲነሣ ተሰማኝ። ተናድጄ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ስሜት ተመለሰልኝ፤ የመጣውም በንዴት በር ነው። ልመታው እጄን አነሣሁና የአባቱን የጨርቅ መለኪያ ዘንግ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ልጆች ሳለን ሁለታችንንም በእሱ ገርፈውናል። እጄ ወረደ።

«ወላሂ አላልኩህም እኮ» አለ ሪድዋን፣ ቀስ ብሎ።

«አሁን በል» አልኩት። «ነገ ጠዋት ሸደር አብረኸኝ ሄደህ ለአትጠገብ በአፍህ ልትነግራት ወላሂ በል።»

ቅርንፉዱን ተፍቶ «ወላሂ» አለ። እሥሩን ከፊቱ አንሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለሚዞሩት ፍየሎች በተንኩላቸው፤ ያን ቀን በጅግጅጋ ከእነሱ የበለጠ የተደሰተ አልነበረም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መኪና ተራ ስደርስ ሪድዋን ቀድሞኝ ቆሟል። መሐላውን አክብሯል፣ እሱን አልክድም። አዲሱ ጫት የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ አፉ ባዶ ነበር። በላንድክሩዘሩ የኋላ ወንበር ተጣብበን ስንሄድ አንድም ቃል አላወጣም። መጀመሪያ አፍሮ መሰለኝ። ቆይቶ ማዛጋት ጀመረ፣ ዓይኑ ውሃ አቀረረ፣ ግንባሩን አላበው። አጠገቡ ያሉ እናት ዶሯቸው ስትንጫጫ «ዝም አያሰኟትም?» ብሎ ጮኸባቸው። መንገደኛውን ሁሉ የሚያስቅ የነበረው ሪድዋን።

አትጠገብ የተከራየችው አንድ ክፍል በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች አገኘናት። ሪድዋንን ስታይ ደነገጠች፤ የፕላስቲክ ወንበር አውጥታ ሰጠችው። ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር በቀልድ አዋዝቶ፣ በተረት ጠምዝዞ፣ ራሱን ነጻ አውጥቶ ነበር የሚጨርሰው። አሁን ግን ምላሱ አልታዘዘለትም። መሬት መሬቱን እያየ፣ እየተጎተተ ተናገረ።

«እህቴ፣ ራጉኤል አልቃመም። አንድም ቀን። የቃምኩት እኔ ነኝ። ስሙን የሰጠሁትም እኔ ነኝ።» ሌላ የሚጨምረው ነገር ፈለገ፣ አጣ፣ አዛጋ።

አትጠገብ ፊቱን ትመለከት ነበር። ያበጠውን ዓይን፣ የተንጠለጠለውን ከንፈር፣ የትም የማያየውን አስተያየት። የያዘችው እርጥብ ልብስ እግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይህን ፊት አውቀዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው በልቻለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጫት ያጣ ሰው ፊት ነው። አንተ በየቀኑ ይህን ፊት ይዘህ ፊቴ ተቀምጠህ እኔ ጫት ሻጭ አመንኩ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«ብጠይቅህ አልቃምኩም ትለኝ ነበር።»

«እውነት ስለነበረ ነው አትጠገብ።»

እርጥቡን ልብስ ጉያዋ ውስጥ ጨመቀችው፤ እኔም አላባበልኳት። ከሪድዋን ይልቅ እሷ የጎዳችኝ መሰለኝ ለአንድ አፍታ። ሪድዋን ስሜን ሰጠ፤ እሷ ግን በሌሊት ፊቴን የጠረገች ሴት ሆና ስሜን ተቀብላ ሻንጣ አሠረች። ይህንኑ ነገርኳት፣ እንዳለ። አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «እስከ ሰኔ ውል አለብኝ» አለች። «በየቅዳሜው ና። እንነጋገራለን።» ከዚህ የበለጠ አልሰጠችኝም፣ ከዚህ የበለጠም አልጠየቅኳትም።

ሃኒ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ካርድሽን አሳዪኝ» አልኳት። «ካርድ ገና ነው፣ ፈተና መች ተፈተንን?» አለች፣ ተኮሳትራ። «እንግዲያስ ደብተርሽን አምጪ።» አመጣች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩላት፤ የደመቀውን ሁሉ፣ የተሰረዘውን ሁሉ። አንድ ቦታ ላይ «አባቴ የሚሠራው ወረቀት ቤት ነው» ብላ ጽፋለች። ሳቄ መጣ፣ ደስ አለኝ። ትንሽ ደስታ ናት፣ ግን ከማንም የተገዛች አይደለችም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ መኪናው ቆመ፤ ጫቱ ገብቶ ነበር። ሪድዋን ሳያየኝ ወረደ፣ እሥር ይዞ ተመለሰ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አፉ ተፈታ። በዚያው መኪና የሚመለሱትን ባለ ዶሮ እናት ይቅርታ ጠየቀ፣ አሳቃቸው፣ ሹፌሩን አሳቀው፣ ሐርጌሳ ሄዶ ስለሚያመጣው ዕቃ ማውራት ጀመረ። ዞሬ አየሁት። በእነዚያ ሁሉ መንገዶች ላይ የቀናሁበት ሳቅ፣ ያልዳንኩበት መለኪያ፣ ጉንጩ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ተወጥሯል። አሁን ከውጭ አየሁት።

«ራጉ» አለ ጉልበቴን ይዞ፤ ዓይኑ በርቷል፣ ለራሱም እውነት መስሎታል። «ተጸጽቻለሁ። ከነገ ጀምሮ እኔም አቆማለሁ። እንደ ድሮው በካራማራ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ወላ...»

እጄን አፉ ላይ አደረግኩ።

«ወላሂን አታስገባ» አልኩት።